ነፃ ሶፍትዌርን በሚሸጥ ምርት ውስጥ ለማስገባት

ነፃ ሶፍትዌርን (ማንም እንዲጠቀምበት፣ እንዲያሻሽለውና እንዲያሰራጨው የተፈቀደ ፕሮግራምን) መሸጥ አይከለከልም፤ ጣጣው ያለው ግዴታው ላይ ነው። መጀመሪያ ከኮዱ ጋር የሚመጣውን «ላይሰንስ» (LICENSE) የሚለውን የፈቃድ ፋይል ከፍተው ያንብቡ። ኮዱ የሚጠቀምባቸውን ላይብረሪዎችም (ሌሎች የጻፏቸውን ዝግጁ የኮድ ስብስቦች) አንድ በአንድ ይፈትሹ፤ ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚደበቀው እዚያ ነው።

ፈቃዱ ኤምአይቲ (MIT) የሚባለው ከሆነ የቅጂ መብት ማስታወቂያውንና የፈቃዱን ጽሑፍ ከምርቱ ጋር ማያያዝ ይበቃል።

ጂፒኤል (GPL) በሚባለው ፈቃድ ላይ ግን ረጋ ይበሉ። ኮዱን ከራስዎ ኮድ ጋር አዋህደው ለደንበኛ ከሰጡ፣ የሙሉውን ፕሮግራም ምንጭ ኮድ (ፕሮግራመሮች የጻፉትን፣ ሰው ሊያነበው የሚችለውን ኮድ) በዚያው ፈቃድ ለደንበኛው ማቅረብ አለብዎት። ከድርጅትዎ ካልወጣ ወይም በራስዎ ሰርቨር ላይ ብቻ ከሠራ ይህ ግዴታ አይመጣም። ኤጂፒኤል (AGPL) የሚባለው የጂፒኤል ዓይነት ግን የሰርቨሩን ቀዳዳ ይደፍናል፦ ያሻሻሉትን ፕሮግራም በኔትወርክ የሚጠቀም ሁሉ ምንጭ ኮዱን የማግኘት መብት አለው።

ፈቃድ ያልተጻፈበትን ኮድ አይንኩ፤ ኢንተርኔት ላይ መለጠፉ ብቻውን ፈቃድ አይሆንም።