ዶሮውን ወርውሮ መቀመጥ፦ በብያኔ ጨዋታ ላይ የሚደጋገሙ ስህተቶች

«ድፍረት ምንድን ነው?»፣ «ውሸት ምንድን ነው?» እየተባባልን በሶቅራጥስ መንገድ፣ አንዱ ብያኔ (የነገሩን ምንነት የሚገልጽ ዓረፍተ ነገር) ሲሰጥ ሌላው በምሳሌ እየፈተነው የምንጫወትበትን ክበብ ማስተባበር ከጀመርኩ ቆየሁ። አንዱ ስህተት ግን አንገሽግሾኛልና ከእሱ ልነሳ።

ፕላቶ ሰውን «ላባ የሌለው ባለሁለት እግር እንስሳ» ሲል በይኖት ነበር ይባላል። ፈላስፋው ዲዮጋን የዶሮ ላባ ነጭቶ «የፕላቶ ሰው ይኸውላችሁ!» እያለ መጣ። እስከዚህ ያለውን ሁሉም ያውቃል፣ ይስቃልም። ከዚያ በኋላ ብያኔው ላይ «ሰፋፊ ጥፍር ያለው» የሚል እንደተጨመረበት ግን ማን ያስታውሳል? ጥገናው ራሱ ያስቃል፤ ቢሆንም ጥገና ነው። የኛ ጀማሪዎች ዶሮውን ይወረውሩና እጃቸውን አራግፈው ይቀመጣሉ። ኧረ ጨዋታው ገና አልተጀመረም!

ውሸትን እንውሰድ። «እውነት ያልሆነ ነገር መናገር ነው» አለ አንዱ። የእጅ ሰዓቱ መቆሙን ሳያውቅ ሰዓት የነገረህ ሰውስ? ተሳሳተ እንጂ ዋሸ አንልም። እሺ፣ «እውነት አለመሆኑን እያወቁ መናገር» ይሁን። የመድረክ ተዋናይስ? «ለማታለል ብሎ» እንጨምርበት። አሁን ደግሞ አንዱ ባቡሩ እንዳልሄደ እያመነ፣ ሊያታልልህ ፈልጎ «ሄዷል» አለህ እንበል፤ ባቡሩ ግን እሱ ሳያውቅ እውነትም ሄዷል። ዋሸህ ወይስ አልዋሸህም? እዚህ ጋ ሲደርስ ቤቱ ሁልጊዜ ለሁለት ይከፈላል። ስለ ንግግሩ ስንጠይቅ ቆይተን ሳናውቀው ስለ ተናጋሪው ልብ መጠየቅ ጀምረናል። በሰዓቱ ምሳሌ ስቆ የተቀመጠ እዚህ አይደርስም።

እኔም ከዚህ ስህተት አላመለጥኩም። አንዲት ልጅ «ጓደኛ ማለት ሲቸግርህ የሚደርስልህ ነው» ብትል «የእሳት አደጋ ሠራተኛስ?» አልኳት። ሁሉም ሳቀ። እሷ ግን እስክንበተን ድረስ ቃል አልተነፈሰችም። ከዚያ ቀን ወዲህ አፍራሽ ምሳሌ ካመጣሁ ወዲያው ለዚያው ሰው «ምን ብንጨምርበት ይድናል?» እለዋለሁ።

ሌላው ስህተት ብያኔ ሲጠየቁ ዝርዝር ማቅረብ ነው። በፕላቶ ድርሰት ከሶቅራጥስ ጋር የሚወያየው ሜኖም ስለ ምግባር ተጠይቆ የወንድ፣ የሴት፣ የልጅ እያለ ቢደረድር፣ ሶቅራጥስ አንድ ብፈልግ የንብ መንጋ አገኘሁ ብሎ ቀለደበት። ጀማሪን በዚህ አትቆጡት፤ ሰው በምሳሌ ነው የሚጀምረው። «እነዚህን ሁሉ አንድ ያደረጋቸው ምንድን ነው?» ብላችሁ ግፉት።

መዝገበ ቃላት አታውጡ። «እንደየሰው አመለካከት ነው» የሚለውንም ቢያንስ ለመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ዋጡት።

ከማርስ የመጣ ሮቦት የመሰለ ሩቅ ምሳሌም ይቅርብን፤ ምሳሌው ከተጠያቂው ኑሮ ይምጣ። ሶቅራጥስ ስለ ድፍረት የጠየቀው ጦር አዛዦችን ነበር። ከእነሱ አንዱ ላኬስ «ደፋር ማለት ከሰልፉ ሳይነቃነቅ ጠላትን የሚገጥም ነው» ቢለው፣ ስፓርታውያን በፕላታይያ ውጊያ ወደ ኋላ ሸሽተው፣ የፋርሶች ሰልፍ ሲበተን ዞረው ማሸነፋቸውን አነሳበት። ውጊያው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ479 የተደረገ ነው፤ ለወታደር ከዚህ የቀረበ ምሳሌ አይገኝም።

ሰዓት ሲደርስ ደግሞ «ታዲያ መልሱ ምንድን ነው?» ብሎ የሚያፈጥብኝ አይጠፋም። እነላኬስም ድፍረትን ሳይበይኑት ነው የተነሱት፤ በማግስቱ ማለዳ ሊገናኙ ግን ተቀጣጥረዋል።