ከ«||» ወደ «??» እንዴት እንደሚሻገሩ፦ ለጃቫስክሪፕት ጸሐፊዎች

ዋጋ ባልተሞላበት ቦታ ምትክ ለመስጠት «||» መጻፍ ጣቴ የለመደው ነገር ነበር። በ2020 ጃቫስክሪፕት «??» (ሌላ የምትክ መስጫ ምልክት) እና «?.» (ላይኖር ከሚችል ነገር ውስጥ ፕሮግራሙን ሳያቆም ዋጋ የሚያነብ ምልክት) ሲጨመሩለት እንኳ አልቸኮልኩም። ልማዱን ያስተወኝ ስሕተት ነው። ለአንድ ሱቅ በሠራሁት የማዘዣ ገጽ «ማድረሻ || 50» ብዬ ነበር፤ ክፍያው ካልተጻፈ 50 ብር ይሁን ማለቴ ነው። (አዎ፣ ጃቫስክሪፕት በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ስያሜ ይቀበላል።) ሱቁ ማድረሻውን ነጻ አድርጎ 0 ሲመዘግብ ግን ኮዴ 0ን እንዳልተሞላ ቆጥሮ 50 ብር አስከፈለ።

መጀመሪያ ኮዱ የሚሠራበትን ስሪት ይመልከቱ። የክሮም አሳሽ ከስሪት 80፣ ኖድ (ጃቫስክሪፕትን ከአሳሽ ውጭ የሚያስኬደው) ከስሪት 14 ጀምሮ ሁለቱንም ምልክቶች ያውቃሉ።

ከዚያ «||» ያለበትን ቦታ ሁሉ ይፈልጉ። ፍለጋው ቀላል ነው፤ አስቸጋሪው መተካቱ ነው። ሁሉንም በአንድ ትእዛዝ እንዳይተኩ! እኔ ከ50 ብሩ ውርደት በኋላ በንዴት ተክቼ፣ በማግስቱ ስማቸውን ላልሞሉ ደንበኞች «ውድ እንግዳ» ይል የነበረው ደረሰኝ «ውድ» ብቻ ብሎ ወጣ። ቅጹ የሚልከው ባዶ ጽሑፍ ነበርና።

ልዩነቱ ይህ ነው፦ «||» በግራው 0፣ ባዶ ጽሑፍ ወይም ሐሰት ሲያገኝም ወደ ምትኩ ያልፋል። «??» የሚያልፈው ግን በግራው ያለው ነል (null፣ «ዋጋ የለም») ወይም አንዲፋይንድ (undefined፣ «ዋጋ አልተሰጠም») ሲሆን ብቻ ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ቦታ ቆም ብለው፣ «0 ወይም ባዶ ጽሑፍ እዚህ ትክክለኛ መልስ ነው?» ብለው ይጠይቁ። ለማድረሻ ክፍያ አዎ፣ ስለዚህ «??»፤ ለስም አይደለም፣ «||» ባለበት ይቆይ። «ወይም» ለማለት ብቻ በቅድመ ሁኔታ ውስጥ የገባውንም አይንኩት። ራስ-ሰር ማረሚያዎች ቦታውን ይጠቁማሉ እንጂ ሱቁ 0 ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ አያውቁም። ሁለቱን ምልክቶች ያለ ቅንፍ ቢደባልቁ ቋንቋው ራሱ እምቢ ይላል፤ ደግ አደረገ።

«?.»ን በቁጠባ ይጠቀሙ። «ደንበኛ.አድራሻ?.ከተማ» አድራሻ ላይኖር ሲችል ተገቢ ነው። ደንበኛ የሌለው ትእዛዝ ግን ዝም ተብሎ ከሚያልፍ ፕሮግራሙ ቢቆም ይሻላል።

በመጨረሻ ነልን፣ ባዶ ጽሑፍንና 0ን እያስገቡ ይሞክሩ። እኔ አሁን የምጀምረው ከ0 ነው።