የሳይኮሎጂ ፒኤችዲ ስትጀምሩ የምርምርና የክሊኒክ ፍላጎታችሁን እንዴት ትጽፋላችሁ?

“በድባቴ፣ በጭንቀት፣ በሱስ፣ በቤተሰብ ምክክርና በሕፃናት ዕድገት ላይ መሥራት እፈልጋለሁ።” ጅማ ላይ ለዶክትሬት ከሚያመለክቱ ልጆች የሚደርሰኝ አንድ ገጽ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው እንዲህ ነው። ይህን ያነበበ አማካሪ ምን ብሎ ይመልስ? የምርምር ፍላጎት ማለት መልሱን የማታውቁት አንድ ጥያቄ ነው። የክሊኒክ ፍላጎት ደግሞ ፊት ለፊታችሁ ተቀምጦ ልትረዱት የምትፈልጉት ሰውና የምትረዱበት መንገድ ነው። ሁለቱ ሊቀራረቡ ይችላሉ፤ ግን ለየብቻ ይጻፉ።

1. ወረቀቱን ለሁለት ክፈሉት

በግራ “ምን ማወቅ እፈልጋለሁ?”፣ በቀኝ “ማንን፣ በምን ዘዴ መርዳት እፈልጋለሁ?” በሉ። በቀኝ በኩል የሕክምናው ዘዴ በስሙ ይጠራ፤ “ምክር መስጠት” አይበቃም። ለምሳሌ ሱስ ላይ ለመሥራት ያሰበ ሰው ሞቲቬሽናል ኢንተርቪዪንግን ሊጽፍ ይችላል። ዊልያም ሚለር እ.ኤ.አ. በ1983 ያስተዋወቀው ይህ ዘዴ ሰውየው ለመለወጥ ያለውን ምክንያት ራሱ እንዲናገር የሚያደርግ ውይይት ነው። ለጅማ ከስብከት ይልቅ ይህ ይሻላል ባይ ነኝ። ጫት ጎጂ ነው የሚለውንማ ቃሚው ከእናቱም ከሚስቱም ሰምቶ ጠግቧል።

2. ጥያቄውን አጥብቡ

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። ጅማ ላይ ያለ ተማሪ “ጫትና የአእምሮ ጤና” ቢል አይገርምም፤ ነገሩ በየሰፈሩ ያለ ነው። ግን ያ ርዕስ ነው እንጂ ጥያቄ አይደለም። “ከመቶ ስንት ተማሪ ይቅማል?” የሚለውም ደጋግሞ ተጠንቷል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ከሙኒኩ ሉድቪግ ማክሲሚሊያን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በጫትና በአእምሮ ሕመም ላይ የተሠሩ ጥናቶች አሉት፤ መጀመሪያ እነሱን አንብቡ። ሌላ መቶኛ ለመጨመር ብሎ አራት ዓመት ማጥፋት አያዋጣም።

ታዲያ እንዴት ይጠበባል? አንድ ሰው ላይ አተኩሩ። ስኪዞፍሬኒያ የሚባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም አለበት፣ መድኃኒቱ ማታ የሚዋጥ ነው፣ ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ ይቀመጣል። ማታ በምርቃና ላይ እያለ መድኃኒቱን ይወስዳል ወይስ ያሳልፈዋል? ምርቃናውን ለማብረድ ጨብሲ፣ ማለትም መጠጥ፣ ይገባል? እንቅልፉስ? ከዚህ አንድ ሰው የሚወጣው ጥያቄ “የሚቅሙበት ሰዓት መድኃኒት አወሳሰዳቸውን ይነካል ወይ?” የሚል ይሆናል። ይህ ሊለካ ይችላል።

መለኪያው ላይ ደግሞ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። “በቀን ስንት እስር ትቅማለህ?” ብላችሁ ብቻ አትለፉ፤ የአንዱ እስር ከሌላው አይተካከልም። ጫት ውስጥ ያለው ዋናው አነቃቂ ካቲኖን ቅጠሉ ከተቆረጠ በኋላ እየተዳከመ ይሄዳል፤ ለዚህ ነው ቃሚው ትኩሱን የሚፈልገው፣ ነጋዴውም በኮባ ጠቅልሎ የሚያመጣው። ስለዚህ ስንት ሰዓት እንደተቀመጠ፣ ቅጠሉ መቼ እንደተቆረጠ፣ ከዚያ በኋላ ምን እንደጠጣ ለየብቻ ጠይቁ። ለዱዓ ብለው የሚቅሙ አባቶችም አሉ፤ መጠይቁ ቃሚን ሁሉ ሱሰኛ አድርጎ ከጀመረ በሁለተኛው ጥያቄ ላይ ልባቸውን ይዘጉባችኋል።

ሌላው ወጥመድ የምክንያትና የውጤት ነገር ነው። በአንድ ቀን መጠይቅ ድባቴ ያለባቸው ሰዎች ይበልጥ እንደሚቅሙ ብታገኙ፣ ጫቱ ድባቴውን አመጣ ወይስ ድባቴው ወደ ጫት ወሰዳቸው የሚለውን ልትለዩ አትችሉም። ቀዳሚውን ማወቅ ከፈለጋችሁ ያንኑ ሰው መከታተል አለባችሁ።

3. ሰዎቹ የት እንዳሉ አረጋግጡ

ጅማ ሜዲካል ሴንተር የአእምሮ ሕክምና ክፍል የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ ሕመሙ የጠናበት ሰው ነው። ከዚያ በፊት ጠበል ተሞክሯል፣ ሼህ ዘንድ ተሂዷል፣ ቃልቻም ታይቷል። ሆስፒታል ያገኛችሁትን ይዛችሁ “የጅማ ሕዝብ” አትበሉ። ስለ ማኅበረሰቡ ማወቅ ከፈለጋችሁ እ.ኤ.አ. በ2005 የተቋቋመውን የግልገል ጊቤ የመስክ ምርምር ማዕከል አስቡ፤ ቤተሰቦችን መዝግቦ ሲከታተል የቆየ ነው።

ወቅቱንም አስሉ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የቡና ለቀማ ነው። የአጋሮና የሊሙ ሰው በዚያ ጊዜ ቀጠሮውን ቢያሳልፍ ሕክምናውን ትቶ አይደለም፤ ቡናው መሬት ላይ እንዳይረግፍ ነው። ክትትላችሁን እዚያ ላይ ከጣላችሁት ውጤቱ ሕክምናው ያልሠራ ያስመስለዋል።

4. መጠይቁ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ይዘጋጅ።

5. የራሳችሁን ታካሚ ለጥናት አትጠይቁ

ይህን በጣም አጥብቄ እናገራለሁ። ለወራት ችግሩን ሲነግራችሁ የቆየ ሰው “ጥናቴ ላይ ትሳተፋለህ?” ብትሉት እንቢ አይላችሁም፤ “እርስዎ ካሉ” ይላል። ያ ፈቃድ አይደለም። ጥያቄውን ሌላ ሰው፣ ከሕክምናው ሰዓት ውጪ ያቅርብለት። ቢቀር ሕክምናው እንደማይጓደል በግልጽ ይነገረው። ማንበብ ለማይችል ሰው ምስክር ባለበት ይነበብለትና በጣት አሻራ ይፈርም። በሕክምና ክፍሉ የሰማችሁትም ሳያስፈቅዱ ወደ ዳታ አይገባም።

የድባቴ መጠይቁ ፒኤችኪው ናይን ዘጠነኛ ጥያቄ ላይም አስቀድማችሁ ተዘጋጁ። መጠይቁ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ስለነበረው ሁኔታ ይጠይቃል፣ ከፍተኛው ነጥብ 27 ነው፤ የመጨረሻው ጥያቄ ሞትን ስለመመኘትና ራስን ስለመጉዳት ነው። ከከተማ ርቆ ባለ ቀበሌ አንዲት እናት “አዎ፣ በየቀኑ” ብትል ጠያቂው ምን ያደርጋል? ድምሩን እስኪሠራ አይጠብቅ፤ ከግቢው ሳይወጣ ያችን መልስ ይይ። ማን ጋር እንደሚደውል፣ ብቻዋን እንዳትሆን ከቤት ማን አብሯት እንደሚቆይ፣ በምን መኪና ወደ ጤና ተቋም እንደምትሄድ በፕሮፖዛሉ ይጻፍ፤ የትራንስፖርት ገንዘቡም በጀት ውስጥ ይግባ። ብዙ በጀት ላይ ለወረቀትና ለአበል ሲያዝ ለዚህ አይያዝም፤ ያሳዝነኛል።

6. አሁን ጻፉት

እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ “በሕክምና ላይ ያሉ የስኪዞፍሬኒያ ታካሚዎች ጫት የሚቅሙበት ሰዓት መድኃኒት አወሳሰዳቸውን እንዴት እንደሚነካ ለስድስት ወር በመከታተል ማወቅ እፈልጋለሁ። በክሊኒክ በኩል፣ መቀነስ ከሚፈልጉ ቃሚዎችና ከቤተሰቦቻቸው ጋር በሞቲቬሽናል ኢንተርቪዪንግ መሥራት እፈልጋለሁ፤ የጥናቱ ተሳታፊዎች ግን የእኔ ታካሚዎች አይሆኑም።” ያነበባችሁትን ከመጀመሪያው ቀን ዞቴሮ በሚባለው የጥናት ጽሑፎች ማደራጃ ፕሮግራም ውስጥ አስቀምጡ፤ ነፃ ነው።

አማካሪያችሁ ጋር ስትገቡ “ርዕሱ ጥሩ ነው?” አትበሉ። “ይህን ጥያቄ ባለኝ ጊዜና ገንዘብ እዚሁ ጅማ ልመልሰው እችላለሁ?” ብላችሁ ጠይቁ።