አሮጌውን ኮምፒውተር ላሻሽል ወይስ አዲስ ልገጣጥም?

ኮምፒውተሬ ተንቀራፈፈ ብላችሁ መርካቶ ከመሮጣችሁ በፊት ምኑ እንደደከመ እወቁ፣ ሰው ደህናውን ማሽን በርካሽ ሸጦ ተበድሮ አዲስ ሲገዛ ሳይ አንጀቴ ነው የሚቃጠለው። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ፣ ታስክ ማናጀር (የኮምፒውተሩ ክፍሎች ምን ያህል እየሰሩ እንደሆነ የሚያሳየው መስኮት) ይከፈታል፣ ፐርፎርማንስ ውስጥ ግቡና ሁሌ የምትሰሩትን እየሰራችሁ ቁጥሮቹን እዩ። ዲስኩ 100% ላይ ተገትሮ ሲፒዩው (ዋናው ማሰቢያ ቺፕ) ከ20 እስከ 30% ላይ ከሆነ ገንዘባችሁን ያዙ፣ ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ፣ ማለትም የሚሽከረከር ነገር በሌለው ፈጣን ዲስክ ቀይሩት በቃ። ተራ ሃርድ ዲስክ ብዙ ጊዜ በሰከንድ 150 ሜጋባይት አካባቢ ነው የሚያነበው፣ ሳታ በሚባለው የተለመደ ገመድ የሚሰካ ኤስኤስዲ እስከ 550 ይደርሳል፣ ትናንሽ ፋይል ላይ ደግሞ ልዩነቱ ከዚህም ይሰፋል፣ ዊንዶውስ ሲነሳ የሚያነበው ደሞ አብዛኛው እሱን ነው።

ራሙ (ኮምፒውተሩ አሁን የሚሰራበትን ለጊዜው የሚይዝበት ሜሞሪ) ከሞላ ራም ጨምሩ፣ ግን ከፍታችሁ ራሙ ላይ ያለውን ስቲከር አንብቡ፣ ዲዲአር3 የሚባለውን የራም ዓይነት የሚወስድ ማዘርቦርድ (ሁሉም እቃ የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) ላይ ዲዲአር4 አይገባም።

ከከፈታችሁ አይቀር አቧራውን አራግፉ። እነ ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ የምንኖር ሰዎች አቧራውን እናውቀዋለን፣ የሂትሲንኩ (የሲፒዩውን ሙቀት የሚያወጣው ብረት) ክንፎች መሃል እንደ ብርድ ልብስ ተጠቅጥቆ ነው የምታገኙት፣ ማሽኑ ሲግል ደግሞ ፍጥነቱን ራሱ ይቀንሳል። ፋኑ እንዳይሽከረከር በጣታችሁ ይዛችሁ በለስላሳ ብሩሽ ጥረጉ፣ በሲፒዩውና በሂትሲንኩ መሃል የሚቀባው ተርማል ፔስት ከደረቀ ቀይሩት።

ሲፒዩው ራሱ 100 ላይ ከተሰቀለ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። አዲስ ሲፒዩ ብዙ ጊዜ ማዘርቦርድ ያስቀይራል፣ ማዘርቦርዱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ራም ያስቀይራል፣ እዛ ከደረሳችሁ መገጣጠሙ ይሻላል። ዊንዶውስ 10 ደግሞ ነጻ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል፣ ዊንዶውስ 11 በኢንቴል ሲፒዩ በኩል ከጥቂቶች በቀር ከ8ኛ ጀነሬሽን (ትውልድ) በታች ያለውን በይፋ አይቀበልም፣ ስለዚህ 4ኛ ጀነሬሽን ላይ ብዙ ብር ማፍሰስ አልመክርም። ኤስኤስዲ ብቻ ግዙለት፣ እሱ ነገ ተነቅሎ አዲሱ ላይ ይገባል። የዴልና የኤችፒ የቢሮ ዴስክቶፕ ኬዝ (ሳጥኑ) እና ፓወር ሰፕላይ (መብራቱን ተቀብሎ ለእቃዎቹ የሚያከፋፍለው) ግን ብዙ ጊዜ የራሱ ቅርጽ ስላለው ይተርፈኛል ብላችሁ አታስቡ።

ስትገጣጥሙ ፓወር ሰፕላይ ላይ አትሰስቱ፣ እኛ ሰፈር መብራት ሄዶ ሲመጣ ኃይሉ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ስም የሌለው ርካሽ ፓወር ሰፕላይ ሲቃጠል ማዘርቦርዱን ይዞት ሊሄድ ይችላል። ከግራፊክስ ካርዱ ቀንሳችሁም ቢሆን ደህና ፓወር ሰፕላይና ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) ግዙ።