የፒኤችፒ ኮዱ ራሱ ስክሪን ላይ ሲዘረገፍ፦ የሎካልሆስት ችግሮችና መፍትሄያቸው

ፒኤችፒ የሚጀምሩ ሰዎች ኮምፒውተር ላይ ደጋግሜ የማየው ችግር አንድ ነው። ኮዱ ልክ ነው። ዛምፕ (ሰርቨርና ዳታቤዝ ኮምፒውተራችን ላይ የሚያስነሳው ፕሮግራም) ላይ አፓቼ፣ ማለትም ሰርቨሩ፣ አረንጓዴ ሆኗል። ገጹ ግን ወይ ባዶ ነው፣ ወይ ኮዱ እንዳለ ተዘርግፏል፣ ወይ ፋይሉ ዳውንሎድ ይሆናል። አፓቼ መነሳቱን እና ፋይሉ ሴቭ መደረጉን አይታችኋል ብዬ ልቀጥል።

ምልክት፦ ኮዱ እንዳለ ይታያል

ምክንያት፦ ፋይሉ በሰርቨሩ በኩል አላለፈም። ብሮውዘር ፒኤችፒ አያውቅም። ኮዱን አስኪዶ ውጤቱን የሚልክለት ሰርቨሩ ነው። ፋይሉን ከፎልደሩ ዳብል ክሊክ ስታደርጉ ብሮውዘሩ ቀጥታ ከዲስክ ያነበዋል። አፓቼ ቢነሳም ባይነሳም ለውጥ የለውም።

ስለዚህ ኮዱን ከመንካታችሁ በፊት የአድራሻ መስመሩን እዩ። እዚያ ላይ «ፋይል» የሚል ቃል ወይም የዲስክ ስም ካለ ሰርቨር የሚባል ነገር መሃል ላይ የለም። መጀመሪያው «ሎካልሆስት»፣ ማለትም የራሳችሁ ኮምፒውተር አድራሻ፣ መሆን አለበት። ፋይላችሁ ኤችቲዶክስ (አፓቼ ገጾችን የሚያነብበት የዛምፕ ፎልደር) ውስጥ «ቴስት» በሚል ፎልደር ካለ፣ አድራሻው ሎካልሆስት፣ ስላሽ፣ ቴስት፣ ስላሽ፣ ከዚያ የፋይሉ ስም ነው። ኤችቲዶክስ የሚለው ቃል አድራሻው ውስጥ አይገባም። እሱን እየጨመሩ 404 (ገጹ አልተገኘም) የሚያገኙ ብዙ ናቸው።

ሰው የሚያደክመው ፎርም ሲኖር ነው። አንድ ተማሪ የምዝገባ ፎርም ሠራ። ፎርሙ ኤችቲኤምኤል ስለሆነ በዳብል ክሊክም አምሮ ይከፈታል። «ላክ» የሚለውን ሲጫን ግን ኮዱ ተዘረገፈ። ዛምፕን አጥፍቶ እንደገና ጫነ። ያው ነው። ሌላ ስሪት አወረደ። አሁንም ያው ነው። ኮዱን ለጓደኛው ሲልክለት እዚያ ሠራ። በዚህ ጊዜ ጥፋቱ የኮምፒውተሬ ነው ብሎ ዊንዶውስ ሊቀይር ተነሳ። ገጹ ከዲስክ ከተከፈተ፣ ፎርሙ የሚልክለት ፋይልም እዚያው ዲስክ ላይ ነው የሚፈለገው። ፎርሙን በሎካልሆስት ስንከፍተው ኮዱ ላይ አንድ ፊደል ሳይነካ ሠራ። እባካችሁ፣ ፕሮግራም ደጋግሞ መጫን ምርመራ አይደለም።

ሌላዋ ደግሞ ኤዲተሯ ላይ «ላይቭ ሰርቨር» የሚባለውን ተጨማሪ ትጠቀም ነበር። ስሙ ሰርቨር ስለሚል ይበቃል ብላ አሰበች። ለኤችቲኤምኤልና ለሲኤስኤስ ጥሩ ነው፤ ፒኤችፒ ግን አያስኬድም። አድራሻው ላይ 5500 የሚል ፖርት (የሰርቨሩ መግቢያ ቁጥር) ካያችሁ እሱ ነው። ዝጉትና በአፓቼ በኩል ግቡ።

አድራሻው ልክ ሆኖም ካልሠራ የፋይሉን ስም እዩ። የፒኤችፒ ኮድ መጨረሻው ኤችቲኤምኤል በሆነ ፋይል ውስጥ ከተጻፈ አፓቼ ሳያስኬደው ይልከዋል። ምልክቱ ግልጽ ነው። ጽሑፉ ይወጣና ከኋላው "; ?> የሚል ትርፍራፊ ይከተላል። ብሮውዘሩ <? ብሎ የጀመረውን ሁሉ እስከ መጀመሪያው > ድረስ እንደ ኮመንት ቆጥሮ ይደብቀዋል፤ የተረፈውን ያሳያል። ኖትፓድ ላይ የምትጽፉ ከሆነ ደግሞ ተጠንቀቁ። ዊንዶውስ የፋይል መጨረሻዎችን ስለሚደብቅ «ኢንዴክስ ዶት ፒኤችፒ» ያላችሁት ፋይል ከኋላው «ዶት ቲኤክስቲ» ተለጥፎበት ሊሆን ይችላል። መጨረሻዎቹ እንዲታዩ ዛሬውኑ አስተካክሉት።

ዛምፕ ራሱ ከበዛባችሁ ፒኤችፒ ከስሪት 5.4 ጀምሮ የራሱ ትንሽ ሰርቨር አለው። ፒኤችፒ ከተርሚናል የሚጠራ ከሆነ ተርሚናሉን ፕሮጀክቱ ፎልደር ውስጥ ክፈቱ። ፒኤችፒ፣ ሰረዝና ትልቁ ኤስ፣ ከዚያ ሎካልሆስት፣ ሁለት ነጥብ፣ 8000 ብላችሁ ጻፉ። ትልቁ ኤስ ይሁን። ትንሹ ሌላ ሥራ ነው ያለው፤ ሰርቨር አያስነሳም። ይህ ለሙከራ ብቻ ነው፤ ለሕዝብ በተከፈተ ዌብሳይት ላይ አትጠቀሙበት።

ምልክት፦ ገጹ ነጭ ነው

ምክንያት፦ ኤረር አለ፤ እንዳይታይ ተደርጓል። መፍትሄ፦ የፒኤችፒ አይኤንአይ ፋይል (የፒኤችፒ ማስተካከያዎች ያሉበት) ውስጥ «ዲስፕሌይ ኤረርስ»ን ኦን አድርጉና አፓቼን ሪስታርት አድርጉ። ኮዱ አናት ላይ ማብሪያ መስመር መጨመር ሁልጊዜ አይበቃም። እዚያው ፋይል ውስጥ ሴሚኮለን ከጎደለ ፋይሉ ከነጭራሹ አይነሳም፤ ማብሪያው መስመርም አይደርስም።

ምልክት፦ አፓቼ ተነስቶ ወዲያው ይጠፋል

ብዙውን ጊዜ ፖርት 80ን ሌላ ፕሮግራም ይዞታል። ዛምፕ ላይ «ኔትስታት» የሚለውን ተጫኑና ማን እንደያዘው እዩ። «ሲስተም» ካለ የዊንዶውስ የራሱ ዌብ ሰርቪስ ሊሆን ይችላል። ወይ አቁሙት፣ ወይ አፓቼ ኮንፊግ ላይ «ሊስን 80»ን ወደ 8080 ቀይሩ። ከዚያ አድራሻው ላይ ከሎካልሆስት ኋላ ሁለት ነጥብና 8080 መጨመር እንዳትረሱ።

ምልክት፦ «ማይኤስኪውኤል ኮኔክት» አይታወቅም ይላል

የምትከተሉት ትምህርት አርጅቷል። ያ ከዳታቤዝ ጋር የሚያገናኝ ፈንክሽን በ2015 በወጣው ፒኤችፒ 7 ተወግዷል። ለእሱ ብላችሁ የድሮ ፒኤችፒ አትጫኑ። ከዳታቤዝ ጋር ለመገናኘት ፒዲኦን ተማሩ። ዛሬም ያንን ኮድ ለጀማሪ የሚሰጡ አስተማሪዎች የተማሪዎቻቸውን ጊዜ ያባክናሉ።

ምልክት፦ አማርኛው ???? ሆነ

የዳታቤዙን ቴብልም ከእሱ ጋር ያለውን ኮኔክሽንም ዩቲኤፍ 8 ኤምቢ 4 (የአማርኛ ፊደልን የሚይዝ ኢንኮዲንግ) አድርጉ። አንዱን ብቻ መቀየር አይበቃም። ጥያቄ ምልክት ሆኖ የተቀመጠው ጽሑፍ ግን አይመለስም፤ እንደገና መጻፍ አለበት።

ምልክት፦ ዛምፕ ላይ ማይኤስኪውኤል አልነሳም ይላል

መጀመሪያ ፖርት 3306ን ያው «ኔትስታት» ላይ እዩ። ሌላ ማይኤስኪውኤል ቀድሞ ተነስቶ ሊሆን ይችላል። «ዳታ ፎልደሩን አጥፋው» የሚል ምክር ታገኛላችሁ። አታጥፉት! ዳታቤዛችሁ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። «አይቢዳታ 1» የሚባለውን ፋይል ሰርዘው የሴሚስተር ፕሮጀክታቸውን ያጡ ሰዎች አውቃለሁ። የቴብሎቹ ፋይሎች ቀርተው ነበር፤ ግን ያለ እሱ አልከፈት አሉ። ማይኤስኪውኤል መቆሙን አረጋግጡ፣ ዳታ ፎልደሩን ሙሉውን ሌላ ቦታ ኮፒ አድርጉ፣ ከዚያ «ሎግስ» የሚለውን ተጭናችሁ የመጨረሻዎቹን መስመሮች አንብቡ። እስከዚያ ድረስ ምንም ፋይል አትሰርዙ።