የባሩድ ጠመንጃ ሠርተህ ልትሸጥ ካሰብክ

ቶርኖ ቤቴ ከቴዎድሮስ አደባባይ ብዙም አይርቅም። የሴባስቶፖልን መድፍ እያዩ ስለሚያልፉ ይሁን እንጃ፣ በየጊዜው አንድ ልጅ የተጠቀለለ ንድፍ ይዞ ይመጣል። «ጋሼ፣ የአያቶቻችን ዓይነት፣ በባሩድ የሚተኩስ። ውጭ ላለ የድሮ መሣሪያ ሰብሳቢ እየሠራን ብንሸጥ አያዋጣም?» ልጆቹን እወዳቸዋለሁ። የሚሳሳቱት ግን ሁሌ እዚያው ላይ ነው።

ፈቃድን ለመጨረሻ ማቆየት። «መጀመሪያ ናሙናውን ልሥራ፣ ፈቃዱ ይደርሳል» ይላሉ። አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ የጦር መሣሪያ መሥራትን ይከለክላል። ናሙናም መሥራት ነው። ስለዚህ ንድፉን ቡና እየጠጣሁ አያለሁ እንጂ ብረት ቶርኖ ላይ አላስርም።

የአሜሪካን ሕግ መጥቀስ። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው ሕግ ባሩዱንም ጥይቱንም በአፈሙዝ የሚጎርሱ የድሮ ጠመንጃ ቅጂዎችን እንደ ጥንታዊ ዕቃ ያያል። እውነት ነው። ፒያሳ ላይ ግን አያድንህም።

«አንዴ ከሠራ ሠራ» ማለት። እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል። አንዴ ተኩሰህ ጣትህ ከተረፈ፣ አንተ ተረፍክ እንጂ ጠመንጃው አልተፈተነም። እንግሊዞች በርሚንግሃም ላይ የጠመንጃ መፈተሻ ቤት ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ1813 ነው። እያንዳንዱ አፈሙዝ ከወትሮው የበዛ ባሩድ ጎርሶ ይተኮሳል፣ ይመረመራል፣ ካለፈ ምልክት ይመታበታል። አንድ በአንድ! አንተ ጋ ምልክቱን ማን ሊመታ ነው? የመጀመሪያውን አንተ ራስህ ሳምንት ሙሉ ተጨንቀህበታል። ሃምሳኛውን የሚሠራው ግን ረዳትህ ነው፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ልቡ ኳስ ላይ እያለ። ብረቱስ? ምናለሽ ተራ የገዛኸው ብረት ትናንት ምን እንደነበር ማን ያውቃል? እኔ የበየድኩት አልጋ ቢሰበር ሰው ወድቆ ይነሣል። አፈሙዝ ሲፈነዳ የሚሄደው ዓይን ነው።

የራስን ጉልበት አለመቁጠር። ይሄ የኔም ነው። አንድ ጊዜ በእጅ የሚዞር የቡና መቁያ ሠራሁ። ቤት ውስጥ ተወደደ፣ ጎረቤት አየው፣ «ለኔም» በዛ። ሠላሳ ልሥራ ብዬ ተነሣሁ። የመጀመሪያው ያማረው እየሞረድኩ ስላገጣጠምኩት ነበር፤ ልክ አልያዝኩለትም። የሁለተኛው እጀታ የአንደኛው ቀዳዳ ውስጥ አልገባም። ሠላሳውንም እንደ አዲስ ሞረድኩ። ዋጋ ያወጣሁት የላሜራና የመብራት ሒሳብ ደምሬ ነው። ስጨርስ ረዳቴ ከኔ የተሻለ አግኝቷል። «ለኔም» ካሉት ደግሞ ብር ይዘው የመጡት ጥቂት ናቸው። ሰባቱ እስከ ዛሬ ቆጥ ላይ አሉ።

ገዢውን አለማወቅ። የድሮ ጠመንጃ ቅጂ የሚገዛ ሰው የጣሊያን ፋብሪካዎቹን ያውቃል። ፔደርሶሊ እ.ኤ.አ. ከ1957፣ ኡቤርቲ ከ1959 ጀምሮ ሥራቸው ይሄው ነው። «የኛ ታሪክ አለው» ትለኛለህ። አለው። ግን ታሪኩን እወቀው። ባለፈው የመጣው ልጅ ንድፉ ላይ በትልቁ «ውጅግራ» ብሎ ጽፏል። ውጅግራ «ግራ» የሚባለው የፈረንሳይ ጠመንጃ ነው፣ የእ.ኤ.አ. 1874 ሞዴል፣ በቀለህ የሚተኩስ። እሱ የሳለው በአፈሙዝ የሚጎርስ ነው። ሰብሳቢ ይህን ገና ከሩቅ ያየዋል።

ፓተንት፣ ማለትም የፈጠራ ባለቤትነት መብት፣ አወጣለሁ ማለት። ለአዲስ ፈጠራ እንጂ ለአያት ሥራ አይሰጥም።

ይሄንን ሁሉ ስነግረው ልጁ አኮረፈ። «አጼ ቴዎድሮስስ ጋፋት ላይ መድፍ ማንን አስፈቅደው አሠሩ?» አለኝ።

«ፈቃድ ሰጪው እሳቸው ነበሩ።»

ሳቀ። ንድፉን ጠቀለለና ቆጡን አንጋጦ አየ። «ጋሼ፣ መቁያውን ልየው?» አንዱን አቧራውን አራግፌ አወረድኩለት። እጀታውን ያዘና አዞረው። ግማሽ ላይ ነከሰ።