ለቤት እንቁራሪት ካልሲየም አሰጣጥ

በቤት የሚያድግ ወጣት እንቁራሪት በደንብ እየበላ ካላደገ፣ እግሮቹ ከጠመሙ ወይም መንጋጋው ከለሰለሰ በቅድሚያ ሊጠረጠር የሚገባው የካልሲየም እጥረት ነው። ዋና ምግቡ የሆነው ፌንጣ ከካልሲየም ይልቅ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ፎስፈረስ ስለያዘ፣ የእንቁራሪቱ አካል የጎደለውን ከገዛ አጥንቱ ይስባል።

ስለዚህ ፌንጣዎቹን ከማቅረብዎ በፊት ለ24 ሰዓት ያህል እንደ ጎመን ያለ ቅጠል ይመግቧቸው፤ ከዚያም በላስቲክ ከረጢት ውስጥ ፎስፈረስ ከሌለው የካልሲየም ዱቄት ጋር በስሱ እስኪሸፈኑ ነቅንቀው ወዲያውኑ ይስጡት፤ ፌንጣ ሰውነቱን ፈጥኖ ስለሚያጸዳ፣ ሳይበላ የቆየው ዱቄቱን አራግፎ ይጨርሳል። በማደግ ላይ ላለ እንቁራሪት ይህ በየምግቡ ሊደረግ ይገባል፤ ለጎልማሳው ከዚያ ያነሰ ይበቃዋል።

ካልሲየሙ ከአንጀት ወደ ደም እንዲገባ ቫይታሚን ዲ3 ያስፈልጋል። ይህንንም ዲ3 የተጨመረበት ዱቄት ወይም ደካማ የአልትራቫዮሌት ቢ መብራት ያሟላል፤ በመስኮት የሚገባ ፀሐይ ግን፣ ብዙዎች ቢተማመኑበትም፣ መስታወቱ ጨረሩን ስለሚያስቀር አይተካውም። ዲ3 ሲበዛ ስለሚጎዳ በማሸጊያው ላይ ከተጻፈው መጠን አይለፉ። እንቁራሪቱ ከተንቀጠቀጠ ወይም መዝለል ካቃተው ዱቄት ብቻውን ስለማያድነው ሳይዘገይ ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዱት፤ ሕክምናው ጉዳቱን ቢያስቆምም፣ አንዴ የጠመመ አጥንት አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ አይቃናም።